ከጡቡ በታች የቀረው ዘይት

የዕለቱ ንባብ፦ ማቴዎስ 7፥1-5፤ ምሳሌ 28፥13፤ ሉቃስ 19፥1-10

ዛሬ የምናካፍላችሁ ምስክርነት እኛን የሚያስመሰግን አይደለም። ባልና ሚስት ሆነን ለመጻፍ ከተስማማን በኋላ እንኳ ሁለት ጊዜ ጀምረን ትተነዋል። ነገር ግን ጌታ ያስተማረንን ደብቀን፣ ያሸነፍንበትን ብቻ ብንናገር ምስክርነታችን ግማሽ ይሆናል ብለን ፈራን።

ነገሩ የጀመረው ቡታጅራ ባለው ግቢያችን፣ ከዋናው በር እስከ በረንዳው ባነጠፍነው ቀይ የሸክላ ጡብ ላይ ነው። ጡቡን የገዛነው ከፈረሰ አሮጌ ቤት ነበር። የተጣበቀበትን ሲሚንቶ በመዶሻ እያራገፍን፣ ከሥሩ አሸዋ አልብሰን፣ አንድ በአንድ ደረደርነው። ሁለት ክረምት ጭቃ ስንረግጥ ለኖርን ሰዎች ያ መግቢያ ትልቅ ነገር ነበር። የረቡዕ የቤት ኅብረታችን እኛ ጋ ስለሚሰበሰብ፣ ወንድሞችና እህቶች ጫማቸውን ሳያጭቀዩ ሲገቡ ባየን ቁጥር ጌታን እናመሰግን ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከምስጋናው ጋር ትንሽ ኩራትም ነበረችበት።

ከሰርቪስ ክፍሎቻችን አንዱን የተከራየ ባጃጅ የሚሠራ ወጣት ነበር። ከወልቂጤ የመጣ፣ ጠዋት በጊዜ ወጥቶ ማታ የሚገባ፣ ኪራዩን ሳያሳልፍ የሚከፍል ልጅ ነው። እምነቱ ከእኛ የተለየ ነው፤ ሆኖም አንድም ቀን ጸሎት ላይ ሆነን ሞተር አስነስቶ አያውቅም። እኛ ሥራ ውለን በምንመለስበት ጊዜ መኪናችንን የምናቆምበት ቦታ ላይ እርሱ ቀን ምሳውን ሊበላ ሲመጣ ባጃጁን ያቆማል።

አንድ ቀን በዚያ ቦታ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር እድፍ አየን። በሳምንቱ ሰፍቶ እንደ ሰፌድ ሆነ። የሞተር ዘይት ነበር። ማን እንዳፈሰሰው ለመጠየቅ እንኳ አልቆምንም። ባጃጅ ዘይት ያንጠባጥባል፣ እኛ ደግሞ ባጃጅ የለንም፤ በቃ፣ ፍርዱ ያለቀ መሰለን።

ረቡዕ ማታ የኅብረቱ ሰዎች እየገቡ ሳለ ልጁን በሩ ላይ አገኘነውና ጎረቤቶችም ወገኖችም እየሰሙ ተናገርነው። «ጋሼ፣ እትዬ፣ የእኔ አይደለም። ጋራዥ ካሳየኋት እኮ ሳምንት አልሞላትም» አለን። ከሁለታችን አንዳችን፣ የትኛችን እንደሆነ ለእግዚአብሔር የታወቀ ነው፣ «ደግሞ ትዋሻለህ?» ብለን መለስንለት። በወሩ መጨረሻ ቤቱን ለቀቀ። ሲገባ አስይዞት የነበረውን 2,000 ብር «ለጡቡ ማሳጠቢያ» ብለን አስቀረንበት። ፍራሹን ባጃጁ ላይ አስሮ ሲወጣ ደህና ሁኑ ብሎናል። ያን ማታ ስለ ይቅር ባይነት ዘመርን።

ከዚያ እጥበቱ ተጀመረ። ይህን በዝርዝር የምንነግራችሁ ተመሳሳይ ነገር ለገጠማችሁ እንዲጠቅም ነው፤ በስህተት ብዙ ስለተማርን።

በመጀመሪያ የሮጥነው ወደ ነጭ ጋዝ ነበር። እድፉ ላይ አፍስሰን ስንፈትገው ጥቁሩ የለቀቀ መሰለን፤ ሲደርቅ ግን ከበፊቱ ሰፍቶ ተገኘ። ምክንያቱን ኋላ ተረዳነው። ነጭ ጋዝም ሆነ ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥነዋል እንጂ አያነሣውም። የሸክላ ጡብ በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች ስላሉት የቀጠነውን ዘይት እንደ ሰፍነግ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ደጃችን ያለው የኮብልስቶን መንገድ ድንጋዩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ዘይት ቶሎ አያሰርግም፤ ጡብ ግን የሰጡትን ሁሉ ይጠጣል። የእሳት አደጋውም ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ በረኪና ሞከርን። በረኪና የቀለም ጠላት እንጂ የዘይት ጠላት አይደለም፤ ጡባችንን አወየበው፣ እድፉን ግን እንዳለ ተወው። አንድ ሰው የመጸዳጃ ቤት አሲድ ጨምሩበት ብሎን ነበር። ጌታ ጠበቀን። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ፤ እባካችሁ በፍጹም አታድርጉት። በሽቦ ብሩሽ ስንፈትግ ደግሞ የጡቡን ፊት ላጥነው፤ የቀረው የሽቦ ስብርባሪም ዝጎ ሌላ ነጥብ ጣለበት።

እናታችን ከገጠር ሲመጡ እንዶድ ይዘው መጡልን። እንዶድ ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ ያደገ ሰው ተስፋው ትልቅ ነው። ፍሬውን ወቅጠን በውሃ ስንመታው አረፋው ግሩም ነበር፤ የላዩንም ቅባት አነሣ። የውስጡን ግን አልደረሰበትም። እናታችን ቀና ብለው «ይሄስ ጠጥቶታል» አሉ። ያን ማታ ከመጽሐፍ ቅዱሳችን ኤርምያስ 2፥22ን አነበብን። ነቢዩ እስራኤልን ሲወቅስ፣ የፈለገችውን ያህል ብትታጠብ በደሏ በእግዚአብሔር ፊት እንዳለ መሆኑን ይናገራል፤ የአማርኛው ትርጉም እዚያ ቦታ ላይ የሚጠራው ማጠቢያ እንዶድን ነው። ተያይተን ሳቅን። ስለ እስራኤል እንጂ ስለ እኛ የተጻፈ አልመሰለንም ነበር።

ስለ እንዶድ አንድ ነገር እንጨምር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወራጅ ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያ ተነሥቶ እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አሳየ። ዓሣንም ስለሚገድል የእንዶድ እጥበት ወደ ወንዝ መለቀቅ የለበትም። የሞተር ዘይትማ ከዚህ ይብሳል። እኛ በዚያን ጊዜ ያጠብንበትን ሁሉ ወደ ውጭ ቦይ ነበር የለቀቅነው። እድፍን ከደጃፍ አንሥቶ ወደ ጎረቤት መላክ እጥበት ሊባል አይገባውም።

በመጨረሻ ሁሉ ሲያቅተን አንድ ግንበኛ ቀላሉን መንገድ አሳየን። «ጡቡ እኮ አሸዋ ላይ ነው የተቀመጠው። ነቅላችሁ ገልብጡት» አለን። ደስ አለን! እድፍ ያለባቸውን ጡቦች በብረት እየፈነቀልን ንጹሑን ፊት ወደ ላይ አደረግነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ መግቢያችን እንደ አዲስ ሆነ። በሚቀጥለው ረቡዕ የመጡት ሁሉ አደነቁ። እኛም «ልጁ ከወጣ በኋላ ሰላም ሆነ» አልን።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ በጡቦቹ መካከል የቆመው ውሃ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ተንሳፈፈ። ያ የዘይት ምልክት ነው። ከሥር ያለው እየወጣ ነው ብለን ለራሳችን ተረጎምነው። ነሐሴ ላይ ግን በተገለበጠው ንጹሕ ጡብ ፊት ላይ አዲስ ጥቁር ነጥብ አየን። ባጃጅ ከግቢያችን ከወጣ አራት ወር ሆኖታል።

ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ቆምን። ማታ መኪናችንን እንደወትሮው ካቆምን በኋላ አንድ የካርቶን ቁራጭ ከሞተሩ ሥር አንሸራተትን። ያን ሌሊት ሁለታችንም በደንብ አልተኛንም። ጠዋት ካርቶኑን ስንስበው ሦስት ጠብታዎች ነበሩበት።

መካኒኩ ከሥር ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ሮንዴላ ተበልቷል። ዘይት በተቀየረ ጊዜ አሮጌው ሮንዴላ ሳይለወጥ ታስሮ ነበርና፣ ሞተሩ ሞቆ በገባ ቁጥር ዘይቱ ቀጥኖ ይንጠባጠባል። ሮንዴላው የለበሰ ሳንቲም የሚያህል ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ቡና ብዙ አይበልጥም። በእርሱ ምክንያት ሰውን ውሸታም ብለናል፣ ከቤት አስወጥተናል፣ ገንዘቡንም ይዘናል።

ወገኖች፣ ጌታ ኢየሱስ በወንድም ዓይን ስላለው ጉድፍና በራስ ዓይን ስላለው ምሰሶ ሲያስተምር ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! በቤት ኅብረታችን እኛው ራሳችን አስተምረነዋል። ምሰሶው እኮ በየማታው መብራት አብርቶ፣ በራችንን አልፎ፣ እዚያው ቦታ ላይ ይቆም ነበር። ያላየነው ስላልነበረ ሳይሆን የእኛ ስለሆነ ነው።

ያን ማታ ጸለይን፤ ጸሎቱ ግን አላሳረፈንም። «ጌታ ሆይ ይቅር በለን» ስንል መንፈስ ቅዱስ «ልጁስ?» የሚለን መሰለን። ከዚያ ደግሞ፣ ማፈሪያ ቢሆንም እንናገረው፣ በገንዘቡ ተከራከርን። አንዳችን 2,000 ብሩን ብቻ እንመልስ አልን። ሌላችን ዘኬዎስን አስታወስን፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለውን ሰው። ወሩ ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍያና የበዓል ወጪ የሚደራረብበት ነበር። በመጨረሻ 4,000 ይዘን ለመሄድ ተስማማን። አራት እጥፍ አልደረስንም፤ ዘኬዎስን አልሆንም፤ ብቻ ከሾላው ለመውረድ ሞከርን።

ቅዳሜ ቀን ወልቂጤ ሄድን። አንድ የሚያውቀው ሰው አገናኘንና እናቱ ቤት ተቀበለን። እናቱ ማን እንደሆንን ሲያውቁ ፊታቸው ተለወጠ፤ ሆኖም እንግዳ ናቸውና ቡና አቀረቡ። በዚያ ቤት ውስጥ ያ ቡና ከበደን። የመጣንበትን ነገርናቸው። ካርቶኑን፣ ሮንዴላውን፣ ሁሉንም። ገንዘቡን በሁለት እጃችን ዘረጋን።

ልጁ ቆጠረና 2,000ውን ወሰደ። የተረፈውን መለሰልን። «ጋሼ፣ ይሄ የእኔ አይደለም» አለ። ያ ቃል! ያን ጊዜም ያለን እኮ ይህንኑ ነው። ከዚያ እንዲህ አለን፦ «ብሩ አይደለም የጎዳኝ። ሰው እየሰማ ውሸታም ተብያለሁ። ቡታጅራ ላይ ደንበኞቼ ሰምተዋል። ይቅርታ የምትሉኝ እዚህ እናቴ ቤት ከሆነ የሰማው ማን ነው?»

እናቱ ጀበናውን አስቀምጠው «ልጄ ልክ ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ከሁለታችን አንዳችን ያደግነው በሰባት ቤት ጉራጌ መንደር፣ ጀፎረ ዳር ነው። ጀፎረን ለማታውቁ፦ በሁለት ረድፍ በተሠሩ ጎጆዎች መካከል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። ሠርጉም ለቅሶውም ስብሰባውም እዚያ ላይ ነው። ሁሉም በደጁ ያለውን ይጠብቃል፤ አጥሩን ገፍቶ ወደ ጀፎረው የገባ ሰው በሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ነገሩ የሁሉም መንገድ ላይ ስለተበላሸ የሚስተካከለውም በሁሉም ፊት ነው። ወደ ቡታጅራ ስንመለስ የተነጋገርነው ይህንን ነበር። የልጁ ስም እንደ ጀፎረ ነው፤ እኛ በሰው ፊት ነው የገባንበት። በጓዳ ጸልዮ መውጣት ለእኛ ይቀልል ነበር። እርሱ ግን ጡቡን መገልበጥ ነው። ንጹሑ ፊት ወደ ላይ፣ ዘይቱ ከሥር።

ምሳሌ 28፥13 ኃጢአቱን የሚሰውር እንደማይለማ፣ የሚናዘዝና የሚተው ግን ምሕረት እንደሚያገኝ ይነግረናል። ብዙ ጊዜ መናዘዝን ብቻ ወይም መተውን ብቻ መርጠን ነበር። ጌታ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የጠየቀን።

መስቀል ሲቃረብ የጉራጌ ቤት ሁሉ ይጸዳል፤ ከአዲስ አበባና ከየአገሩ ልጆች ይገባሉ። ከበዓሉ በፊት ባለው ረቡዕ የኅብረታችንን ወገኖችና ያን ማታ የሰሙትን ጎረቤቶች ግቢያችን ውስጥ ቡና ጠራን። ልጁንም ለምነነው መጣ፤ ባጃጁን ግን ከበር ውጭ አቆማት። እዚያው ጡብ ላይ ቆመን የሆነውን ተናገርን። ካርቶኑን አሳየን። «ዋሽቷል ያልነው እኛ ነበርን የተሳሳትን። ዘይቱ የእኛ ነው» አልን። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን «ይሄ ነው እንጂ» አሉ። አንዲት እህት አለቀሰች። ልጁ አላለቀሰም፤ ቡናውን ጠጥቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ፣ የሁሉንም እጅ ጨብጦ ሄደ። ተመልሶ አልተከራየንም። አንዳንድ ጊዜ እንደዋወላለን። ሁሉ እንደ ድሮው ሆነ ብለን ብንጽፍ እንዋሻለን።

በማግስቱ ጡቦቹን መልሰን ገለበጥናቸው። እድፉን ወደ ላይ አውጥተን በትክክል ማጠብ ጀመርን። የሠራልን መንገድ ይህ ነው፦

አንደኛ፣ ፍሳሹን አቁሙ። ሮንዴላው ሳይለወጥ የሚደረግ እጥበት ሁሉ ከንቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ዘይቱ ትኩስ ከሆነ አትፈትጉት፤ ሰጋቱራ፣ የተነፋ አመድ ወይም ደረቅ አፈር በብዛት ነስንሱበት፣ በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጉት፣ አድሮ ጠዋት ጥረጉት። የጠረጋችሁትን እሳት ከሌለበት ቦታ ለብቻው አኑሩት እንጂ ቦይ ውስጥ አትጣሉት።

ሦስተኛ፣ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ እጠቡት። ሳሙና አንዱ ጫፉ ዘይትን፣ ሌላው ጫፉ ውሃን ስለሚይዝ ዘይቱን ከውሃው ጋር ይዞት ይወጣል። ውሃውን በሰጋቱራ ገድቡት።

አራተኛ፣ የቆየውን፣ ጡቡ የጠጣውን ዘይት፣ ከላይ በመፈተግ አታገኙትም። ከውስጥ የሚስብ ነገር ያስፈልጋል። እኛ ጠመኔ ፈጭተን ከፈሳሽ ሳሙና ጋር እንደ ገንፎ አወፍረን፣ ጣት ውፍረት ያህል ለጠፍንበት። በላስቲክ ሸፍነን አሳደርነው፤ በማግስቱ ላስቲኩን ገልጠን እንዲደርቅ ተውነው። ሲደርቅ ዘይቱን ወደ ራሱ እየሳበ ይመጣል፤ ነጩ ጠመኔ ሲጠቁር ታያላችሁ። ፍቃችሁ ድገሙት። እኛ አራት ጊዜ ደገምነው።

ያ ነጭ ነገር ሲጠቁር ቁጭ ብለን እያየን ስለ ጌታችን አሰብን። እኛ ከላይ ፈተግን፣ አነጣን፣ ገለበጥን። እርሱ ግን በላያችን ላይ ተለጥፎ፣ ኃጢአት የማያውቀው እርሱ፣ የእኛን ጥቁር ወደ ራሱ ሳበ። ሚልክያስ ስለ ልብስ አጣቢ ሳሙና ሲናገር የሚመጣውን ጌታ ነው ያሰበው። የሚያጥበን አንድ ነገር አይደለም፤ የሚያጥበን አንድ አካል ነው። እድፋችንን ፊቱ ላይ ለማውጣት ድፍረት የምናገኘውም ስለዚህ ነው።

ዛሬ ወደ ግቢያችን ብትመጡ እድፉ ጨርሶ አልጠፋም። በሦስት ጡቦች ላይ ደብዘዝ ያለ ጥላ አለ። ለመገልበጥ አስበን ተውነው። ረቡዕ ረቡዕ ሰዎች ይረግጡታል፤ አዲስ የመጣ ሰው ከጠየቀ እንነግረዋለን።

እናንተስ ወገኖች? በሰው ፊት ያጠፋችሁትን በጓዳ ብቻ የጨረሳችሁት ነገር ይኖር ይሆን? የሰው ገንዘብ፣ የሰው ስም፣ የተገለበጠ ጡብ? ዛሬ ማታ አንድ ካርቶን ከራሳችሁ ሥር አንሸራትቱ። ጠዋት የምታዩት ነገር ያማል፤ ግን እውነት ነው፣ እውነትም ነጻ ያወጣል።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ በሌላው ላይ ለመፍረድ ፈጣኖች፣ ራሳችንን ለማየት ዘገምተኞች ነን። የምንጥበትን ቦታ አሳየን። ለበደልነው ሰው የምንሄድበት እግር፣ በበደልንበት አደባባይ የምንናዘዝበት አንደበት ስጠን። በእኛ ምክንያት ስሙ የጠፋውን ሁሉ አንተ ራስህ ካሰው። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።